«ልጄ ድኗል፤ ኪኒኑን ይተወው ወይ?»

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቤተሰብ ጤና ክፍለ ጊዜ የቀረበ ንግግር)



ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ለዛሬው ንግግራችን መነሻ ሆኖናል። ደብዳቤው የመጣው ከወሎ ነው። ላኪዋ አንዲት እናት ሲሆኑ ስማቸውን አንገልጽም፤ እርሳቸውም እንዳይጠራ ለምነዋል። የእጅ ጽሑፉ የተማሪ ልጅ ይመስላል፤ ቃሉ ግን ከእናት አንጀት የወጣ ነው።

እንዲህ ይላሉ፦ «ልጄ 26 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሰውነቱ ከስቶ፣ ሌሊት ሌሊት ላብ እያጠመቀው፣ ግራ ጎኑ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። ጣፊያ ነው አሉን፤ ወባም ነው አሉን። በኋላ አዲስ አበባ ወስደነው የደም ካንሰር ነው ተባለ። ያን ጊዜ በቁሙ አለቀስንለት። አንድ ኪኒን ሰጡት። በሦስት ወሩ ተነሥቶ ሱቁን ከፈተ። ዛሬ ማንም አይቶት ታሞ ነበር አይልም። እንግዲህ ልጄ ከዳነ ኪኒኑ ለምኑ ነው? መድኃኒቱን ለማምጣት አዲስ አበባ በተመላለሰ ቁጥር የሱቁ ገንዘብ ያልቃል። አሁን አሁን እንዲያብቃቃው ብሎ አንድ ቀን ይውጣል፣ አንድ ቀን ይዘላል። ደግሞ ልናጋባው አስበን ነበር፤ የልጅቷ ቤተሰቦች ግን ‹የደም በሽታ ለልጅ ይተላለፋል› ብለው አመነቱ። ረመዳንም እየመጣ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?»

እናታችን የኪኒኑን ስም ከካርቶኑ ላይ አስገልብጠው ልከውልናል፦ ኢማቲኒብ፣ 400 ሚሊ ግራም። ይህ በጣም ጠቅሞናል። የኪኒኑ ስምና የጠጠረው ግራ ጎን አንድ ላይ ሲታዩ በሽታው ሐኪሞች «ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ» የሚሉት፣ ቀስ እያለ የሚያድግ የደም ካንሰር እንደሆነ ያመለክታሉ። እኛ የልጁን ሐኪም ተክተን አንናገርም። ነገር ግን «ከዳነ ኪኒኑ ለምኑ ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። መልሱን ለማግኘት ካንሰር ምን እንደሆነ፣ በተለይም አንዲት መልዕክት አስተላላፊ ፕሮቲን ስትበላሽ ምን እንደምታደርግ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ እናታችን ትንሽ ታገሡን፤ ወደ ቤትዎ ጉዳይ እንመለሳለን፣ ኢንሻአላህ።

ደም የሚሠራው የት ነው? ብዙ ሰው ልብ ውስጥ ይመስለዋል። ደም የሚሠራው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። የከብት ቅልጥም ሲሰበር በውስጡ የምናየው ለስላሳ ነገር መቅኔ ይባላል። በእኛም አጥንት ውስጥ አለ፤ ከእርሱም ቀዩ የደም ሕዋስ፣ ነጩ የደም ሕዋስና ደም የሚያረጉት ጥቃቅን ሕዋሳት ሌት ተቀን ይመረታሉ። ነጩ ሕዋስ ተላላፊ በሽታ ሲመጣ የሚዋጋልን ነው። በጤነኛ ሰው በአንድ ሚሊ ሜትር ኪዩብ ደም ውስጥ ቁጥሩ ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ ገደማ ይሆናል። በዚህ በሽታ ግን ከ100 ሺህ በላይ ሊደርስ ይችላል። ጣፊያም የሚያብጠው ይህን የተትረፈረፈ ሕዋስ ሲያጭቅ ነው። እርግጥ ጣፊያ በወባም፣ በካላ አዛርም፣ በሌላም በሽታ ያብጣል። ስለዚህ ጎረቤቶች ወባ ነው ማለታቸው አያስወቅሳቸውም። የሚለየው የደም ምርመራ ብቻ ነው።

ታዲያ መቅኔው ምን ነካውና ይህን ያህል አመረተ?

ሕዋስ በገዛ ፈቃዱ አይራባም። «ተራባ» የሚል መልዕክት ሊደርሰው ይገባል። መልዕክቱን ከሕዋሱ ጠርዝ ተቀብለው ወደ ውስጥ የሚያደርሱት ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱ ለሌላው፣ ሌላውም ለቀጣዩ እያቀበለ ትእዛዙ ይደርሳል። በአገራችን ሠርግ ሲኖር ቤት ለቤት እየዞረ «እገሌ ጠርቷችኋል» የሚል ጠሪ ይላካል። ጠሪው ከረጢት ይዟል እንበል፤ ከረጢቱ ውስጥ የጥሪ ወረቀት አለ። በየደጁ አንዳንድ ወረቀት እያወጣ ይሰጣል። ወረቀቱ የደረሰው ሰው ተነሥቶ ይመጣል። ሠርጉ ሲያልቅ ጠሪውም ቤቱ ገብቶ ይቀመጣል።

በሕዋሳችን ውስጥም እንዲህ ያሉ ጠሪዎች አሉ። ሳይንቲስቶች «ካይኔዝ» ይሏቸዋል። ኤቲፒ ከሚባለው የሕዋስ ስንቅ ፎስፌት የተባለችውን ቅንጣት ይወስዱና በሌላው ፕሮቲን ላይ ይለጥፋሉ። የተለጠፈበት ፕሮቲን ይነቃል፤ ሥራውን ይጀምራል። በሰው አካል ውስጥ ከ500 በላይ ዓይነት ካይኔዞች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ኤቢኤል ይባላል። ኤቢኤል በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ አደብ ያለው ጠሪ ነው፤ ካልተላከ አይነሣም፣ ሥራውን ሲጨርስ ይቀመጣል።

ኤቢኤልን ለመሥራት የሚያገለግለው ጂን የሚገኘው በ9ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። አንዳንድ ጊዜ በአንዲት የመቅኔ ሕዋስ ውስጥ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ይሰበሩና ሲጠገኑ ቁራጮቻቸው ይቀያየራሉ። የኤቢኤል ጂን ከቦታው ተነቅሎ በ22ኛው ላይ ካለው ቢሲአር ከሚባል ጂን ጋር ይሰፋል። ከዚህ ስፌት የሚወጣው ፕሮቲን ቢሲአር-ኤቢኤል ይባላል። ይህ ፕሮቲን መቀመጥ የማያውቅ ጠሪ ነው። የቢሲአር ወገኑ ፕሮቲኖቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያያይዛቸዋል፤ ሲያያዙም አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል። ማንም ሳይልካቸው ወረቀት ይበትናሉ። ሠርጉ ካለቀ በኋላ እንግዳ ወደ ቤቱ ይጎርፋል፤ የመጣውም አይሄድም። ምክንያቱም ያረጀ ሕዋስ በጊዜው እንዲሞት የሚያደርገው ሥርዓትም በዚሁ ጩኸት ይታፈናል። ቤቱ ይሞላል፤ ለቀዩ ደም ቦታ ይጠፋል፤ ሰውየው ይደክመዋል፣ ይከሳል። ሕክምና ካላገኘ በዓመታት ውስጥ በሽታው ይፋጠንና ወደ ድንገተኛውና አደገኛው የሉኬሚያ ዓይነት ይለወጣል።

እንግዲህ ልብ በሉ! አንድ ሙሉ ሰው የሚጥል በሽታ የተነሣው በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ከተሳሳተች አንዲት ስፌት ነው። ካንሰሮች ሁሉ እንዲህ በአንድ ስህተት አይነሡም፤ አብዛኞቹ ብዙ ብልሽቶች ተደራርበው የሚመጡ ናቸው። ይህኛው ግን ነገሩን አጥርቶ ስለሚያሳይ የካንሰር ተማሪዎች መጀመሪያ የሚማሩት እርሱን ነው።

ስፌቷ እንዴት ተገኘች? ይህ ታሪክ ራሱን የቻለ ዝግጅት ይወጣዋል፤ ዛሬ ባጭሩ እንለፈው። እ.ኤ.አ በ1960 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በእነዚህ ታማሚዎች ደም ውስጥ ከወትሮው ያጠረች ክሮሞዞም ማየታቸውን አሳወቁ። በከተማዋ ስም «የፊላደልፊያ ክሮሞዞም» ተባለች። ኖዌል ከቧንቧ በተቀዳ ውኃ መስተዋቱን ሲያጥብ ሕዋሳቱ አብጠው ክሮሞዞሞቹ ስለተዘረጉለት ነበር በደንብ ሊታዩ የቻሉት። ቀጥሎም እ.ኤ.አ በ1973 የቺካጎዋ ሐኪም ጃኔት ሮውሊ ያጠረችው ቁራጭ ጠፍታ ሳይሆን ከ9ኛው ጋር ተለዋውጣ መሆኑን አሳዩ። ሮውሊ የክሮሞዞም ፎቶግራፎችን በመቀስ እየቆረጡ በቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ይደረድሩ ነበር፤ ልጆቻቸውም «እማማ በወረቀት አሻንጉሊት ትጫወታለች» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። በቤት ውስጥ ሥራ ተጠምደን ዕውቀት ከእኛ ርቋል ለምትሉ እህቶቻችን ይህችን ማለፍ አልቻልንም።

በዚያን ዘመን ብዙ ሊቃውንት የክሮሞዞም መበላሸት የካንሰር ውጤት እንጂ መንስኤው አይደለም ይሉ ነበር። በ1980ዎቹ ሁለቱ ጂኖች ተለይተው ታወቁ። እ.ኤ.አ በ1990 ደግሞ የተሰፋውን ጂን በአይጦች መቅኔ ውስጥ ሲያስገቡት አይጦቹ ተመሳሳይ ሉኬሚያ ያዛቸው። ክርክሩ በዚህ አበቃ ማለት ይቻላል።

ጠሪው ከታወቀ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ እርሱን ማስቆም ይቻላል ወይ የሚል ነው። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ኒክ ላይደንና ባልደረቦቻቸው፣ በአሜሪካ ኦሪገን ደግሞ ሐኪሙ ብራያን ድሩከር በዚህ ላይ ተያይዘው ሠሩ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ የጠሪውን ከረጢት መድፈን። ኤቲፒ የሚገባበትን ኪስ በልክ የሚሞላ ነገር ከተገኘ ጠሪው የሚሰጠው ወረቀት አይኖረውም፤ እየዞረም ቢሆን ዝም ይላል። ብዙዎች «አይሆንም» አሉ። ከ500 በላይ ጠሪዎች ያንኑ ስንቅ ይጠቀማሉና የአንዱን ብቻ ለይቶ መድፈን እንዴት ይቻላል? ደግሞስ በሽታው በዓመት ከ100 ሺህ ሰው አንድ ወይም ሁለት የሚይዝ ብርቅ በሽታ ነውና ገበያው የት አለ? ቢሆንም ለአንድ ጠሪ በልክ የተቀረጸው መድኃኒት ተገኘ። ከጥቂት ሌሎች ጠሪዎች በስተቀር ሌላውን አይነካም። በሰው ላይ መሞከር የጀመረው እ.ኤ.አ በሰኔ 1998 ነው። 300 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ታማሚዎች በ53ቱ የደም ሕዋስ ቁጥር ወደ ጤነኛው ልክ ተመለሰ። ወሬው ከታማሚ ወደ ታማሚ ደረሰ። መድኃኒቱ በቶሎ እንዲመረት የሚጠይቅ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ለኩባንያው ቀረበ። እ.ኤ.አ በግንቦት 2001 አሜሪካ ፈቀደችው። ዛሬ ከዚያ የመጀመሪያ ዘመን ጀምሮ የታከሙ ሰዎች ሲቆጠሩ በ10 ዓመቱ ከ100 ታማሚ 83ቱ በሕይወት አሉ። ቀድሞ ግን አብዛኛው ታማሚ ጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር የሚቆየው።

እናታችን፣ የልጅዎ ሱቅ የተከፈተው በዚህ ኪኒን ሰበብ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እንምጣ። ኪኒኑ ከረጢቱን ይደፍናል እንጂ ጠሪውን አያጠፋውም፤ የተሳሳተችውን ስፌትም አይፈታትም። ጩኸቱ ስለቆመ አብዛኛው የታመመ ሕዋስ ይሞታል፤ በመቅኔው ጓዳ ውስጥ ግን የበሽታው ዘር የሆኑ ጥቂት እናት ሕዋሳት ተሸሽገው ይቀራሉ። መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚቆየው ለተወሰኑ ሰዓታት ነው። ሲያልቅ ኪሱ ይከፈታል፤ ጠሪውም ያንኑ ወረቀቱን ያወጣል።

አንድ ሰው በሽታው ሲገኝበት በሰውነቱ ውስጥ ያለው የታመመ ሕዋስ እስከ አንድ ሺህ ቢሊዮን ይገመታል። ከዚህ ውስጥ ከሺህ አንድ ብቻ ቢቀር ሐኪሞች ደስ ይላቸዋል። ከሺህ አንድ ማለት ግን ገና አንድ ቢሊዮን ነው! ታማሚው ወፍሯል፣ ጣፊያው ገብቷል፣ ተራው የደም ቆጠራ «ጤነኛ» ይላል። አንድ ቢሊዮኑ ግን በውስጥ አለ። ስለዚህ ልጅዎ የደረሰበትን ደረጃ የሚነግርዎ መልኩ ወይም ጉልበቱ አይደለም። የሚነግርዎ ቢሲአር-ኤቢኤልን በደም ውስጥ የሚቆጥረው ፒሲአር የተባለው ምርመራ ነው። ውጤቱ በመቶኛ ይጻፋል። መድኃኒት በተጀመረ በሦስት ወሩ ከ10 በመቶ በታች፣ በስድስት ወሩ ከ1 በመቶ በታች፣ በዓመቱ 0.1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በየሆስፒታሉ የምታውቁት ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያም የራሱ ካርትሬጅ ሲገባለት ይህንኑ መቁጠር ይችላል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ «የቢሲአር-ኤቢኤል ምርመራ የት ማግኘት እንችላለን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«አንድ ቀን ይውጣል፣ አንድ ቀን ይዘላል» ያሉት ነገር እንቅልፍ ነሥቶናል። ለምን እንደሆነ እንንገርዎ። በለንደን ሀመርስሚዝ ሆስፒታል ለዓመታት ኢማቲኒብ የወሰዱ 87 ታማሚዎች የኪኒን ጠርሙስ ክዳን ላይ፣ ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር የሚመዘግብ ጥቃቅን መሣሪያ ተገጥሞ ለሦስት ወር ተከታተሏቸው። ጥናቱ እ.ኤ.አ በ2010 ታተመ። ኪኒናቸውን ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱት በስድስት ዓመት ውስጥ ወደዚያች ከሺህ አንድ ደረጃ የመድረስ ዕድላቸው 94 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በታች የወሰዱት ግን 28 በመቶ ብቻ። ዘጠና በመቶ ማለት በወር ሦስት ቀን መዝለል ማለት ነው። ሦስት ቀን! ልጅዎ የሚዘለው አሥራ አምስት ቀን ነው። እነዚያ ታማሚዎችም እንደ እርሱ ደኅና ነን የሚሉ፣ ሥራ የሚውሉ ሰዎች ነበሩ።

ሌላም ነገር አለ። ጠሪው እንደገና ሲነሣ ሕዋሳቱ ይራባሉ፤ ሲራቡም አንዳንዱ ይሳሳታል። ከረጢቱ በሚሰፋበት ቦታ አንዲት ነጥብ ብቻ ብትለወጥ ኢማቲኒብ ከእንግዲህ አይገጥምም። ይህች ለውጥ በፕሮቲኑ 315ኛ ነጥብ ላይ ስትሆን እ.ኤ.አ በ2001 ታወቀች። ለሌሎቹ ለውጦች ዳሳቲኒብና ኒሎቲኒብ የተባሉ ኪኒኖች መጡ፤ ለ315ኛዋ ግን ፖናቲኒብ እስኪፈቀድ እስከ 2012 መጠበቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ በ2021 የተፈቀደው አሲሚኒብ ደግሞ ከረጢቱን ትቶ ጠሪውን ከኋላ በኩል ይይዘዋል። እነዚህ ሁሉ ግን ከኢማቲኒብ ይልቅ ውድና በቀላሉ የማይገኙ ናቸው። በእጅ ያለውን ኪኒን አክብሮ መያዝ የሚሻለው ለዚህ ነው።

የገንዘቡ ነገር እውነት ነው፤ አንክደውም። ኢማቲኒብ ሲወጣ ዋጋው የሀብታም ዋጋ ነበር። እ.ኤ.አ በሚያዝያ 1 ቀን 2013 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለመድኃኒቱ የባለቤትነት መብት ሊሰጥ አይገባም ብሎ ፈረደ፤ በዚያ አገር በርካሽ የሚሠሩት ኪኒኖችም ገበያ ላይ ቆዩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 መሠረታዊ ከሚባሉት መድኃኒቶች ተራ አስገባው። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙ ታማሚዎች በበጎ አድራጎት መርሃ ግብር በነፃ ሲያገኙት ቆይተዋል። የሚከብደው እንግዲህ መንገዱ ነው፤ የአውቶቡሱ፣ የማደሪያው፣ የተዘጋው ሱቅ። ልጅዎ ይህን ለሐኪሙ በግልጽ ይንገር። «ሁለት ወይም ሦስት ወር የሚበቃኝ ይሰጠኝ» ብሎ ይጠይቅ። የደም ቆጠራውን ቅርብ ባለ ሆስፒታል አሠርቶ ውጤቱን መውሰድ ይቻል እንደሆነም ይጠይቅ። ብዙ ታማሚ ኪኒን መዝለሉን ያፍርበትና ይደብቃል፤ ሐኪሙም ሳያውቅ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይቀይራል። ሰውነቱን ዓይኑ ሥር አብጦት፣ እግሩን ጡንቻ ቀጥቶት ወይም ማቅለሽለሽ ይዞት እንደሆነም እነዚህ የታወቁ የመድኃኒቱ ጠባዮች ናቸውና ይነገሩ፤ መፍትሔ አላቸው።

«ታዲያ ዕድሜ ልኩን ነው?» ይሉን ይሆናል። የግድ አይደለም። በፈረንሳይ አገር የተደረገ ጥናት፣ ቢሲአር-ኤቢኤል ቢያንስ ለሁለት ዓመት በምርመራ ያልታየባቸው 100 ታማሚዎች ኪኒኑን እንዲያቆሙ አደረገ። በዓመቱ ከመቶው 40 ያህሉ በሽታው አልተመለሰባቸውም። በሌሎቹ ተመለሰ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው። እነርሱም ምርመራ በቅርብ ስለሚደረግላቸው ወዲያው ኪኒኑን ጀምረው ዳግም ረጋላቸው። ማቆም አለ ማለት ነው። ግን በምርመራ ውጤት፣ በሐኪም ፈቃድ፣ በየወሩ ደም እየተሰጠ ነው። መልክ ስላማረ ወይም ገንዘብ ስላለቀ የሚቆመው ከዚህ የተለየ ነገር ነው።

ስለ ጋብቻው እንናገር። ይህን የምንናገረው ለልጅቷ ቤተሰቦችም ጭምር ነው፤ ቢያዳምጡን እንወዳለን። ይህ በሽታ አይተላለፍም። በእጅ መጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት፣ በትዳርም አይጋባም። ለልጅም አይወረስም። ስፌቷ የተሳሳተችው ሰውየው ከተወለደ በኋላ በመቅኔው ውስጥ ባለች በአንዲት ሕዋስ ነው፤ ልጅ በሚፈጠርበት ዘር ውስጥ የለችም። ከፍተኛ ጨረር አንዱ የታወቀ መንስኤ ነው፤ በሂሮሺማና ናጋሳኪ ከቦምቡ የተረፉ ሰዎች ላይ ታይቷል። በአብዛኛው ታማሚ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ምክንያት አይገኝም። ስለዚህ «በእነርሱ ዘር አለ» እያሉ የሰው ቤት መዝጋት ግፍ ነው ብንል አላበዛንም። ሚስጥር አድርጎ ማግባትንም አንመክርም። ሙሽራዋ በሽታውንና የኪኒኑን ነገር ዐውቃ ብትገባ ኪኒኑን የምታስታውሰው እርሷ ትሆናለች። ወንዱ ልጅ ለመውለድ ሲያስብ ሐኪሙን ያማክር። ይህንኑ በሽታ የያዛት እህት ግን ነገሩ ይጠነክርባታል፤ ኢማቲኒብ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ከማርገዟ በፊት ከሐኪሟ ጋር መመካከር አለባት። ሳታስብ አርግዛ እንደሆነም በዚያው ቀን ትሂድ።

ረመዳንን በተመለከተ፣ ኢማቲኒብ 400 ሚሊ ግራም የሚወሰደው በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ መጾም ትችላለህ ካለው ሰዓቱን ወደ ኢፍጣር ማዛወር የሚከብድ አይደለም። በባዶ ሆድ መዋጥ ግን ሆድ ያስቆጣል፤ በተምር ብቻ አይውሰደው፣ ከበላ በኋላ ይሁን። ኒሎቲኒብ ለሚወስዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እርሱ በቀን ሁለት ጊዜ በ12 ሰዓት ልዩነት፣ ያውም ከምግብ ተለይቶ ስለሚዋጥ ከጾም ጋር አይገጥምም። እንዲህ ያለ ሰው ሐኪሙንና የሚያምነውን ዓሊም ሁለቱንም ይጠይቅ፤ ዲናችን ለታመመ ሰው ፈቃድ እንደሰጠ የማያውቅ የለምና ኪኒን ዘልሎ መጾምን ማንም ዓሊም ያዝዝበታል ብለን አንገምትም።

ሁለት ነገር ብቻ እንጨምር። አንደኛው፣ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በደም ውስጥ ያለውን ኢማቲኒብ ከግማሽ በላይ ይቀንሰዋል። ስለዚህ የቲቢ መድኃኒት የሚጀምር ታማሚ ኢማቲኒብ እንደሚወስድ አስቀድሞ ይናገር። ሁለተኛው፣ ጥቁር አዝሙድም ማርም በየቤታችን አሉ፤ ማንም አይከለክላቸውም። የቢሲአር-ኤቢኤልን ከረጢት ሲደፍኑ ግን አልታዩም። ኪኒኑን ተክተው የሚወሰዱ ከሆነ አደጋ ነው፤ ከኪኒኑ ጋር የሚወሰድ ቅጠልም ሆነ ሥር ካለ ለሐኪም ይነገር።

እናታችን፣ ልጅዎ ዛሬ ማታ እራቱን በልቶ ኪኒኑን ይዋጥ፤ ነገም እንዲሁ። የዘለላቸውን ቀናት ለማካካስ ሁለት ሁለት አይዋጥ፤ ከዛሬ ጀምሮ በልኩ ይቀጥል። በዚህ ሳምንት ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ ስንት ቀን እንደዘለለ እውነቱን ይንገር፤ የቢሲአር-ኤቢኤል ምርመራም ይጠይቅ። ውጤቱ ሲደርስ ወረቀቱ ላይ በመቶኛ የተጻፈችውን ቁጥር ለዚያው ተማሪ ልጅ አስገልብጠው ይላኩልን፤ ከዚያ በኋላ ስለሚጠይቁት ሁሉ እንጻጻፋለን።